ከአገር ቤት የመጣ ውጅግራ እጄ ገባ፤ ከየት ልጀምር?

የቨርጂኒያው (ጥያቄውን ያነሳ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የቆዩ የጦር ጠመንጃዎች መሰብሰብ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቤቴ ያሉት ሁለት የጣልያን ካርካኖና አንድ የሩሲያ ሞሲን ናጋንት ናቸው። ሦስቱንም ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ነው ያጸዳኋቸው። አሁን የመጣልኝ ግን ከእነሱ ስለሚለይብኝ፣ ሳልነካው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ውጅግራ ነው፤ የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሜሪካዊ አስመጪ ኢትዮጵያ ውስጥ ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎችን በብዛት ገዝቶ ወደዚህ ማምጣቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይኼም ከእነዚያ አንዱ ነው፤ የገዛሁት ግን ከሌላ ሰብሳቢ እጅ ነው። እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ፣ እኔ ባለሁበት ብዙ ወረቀት አላስፈለገውም።

ሳጥኑን ስከፍተው መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። የጭስ፣ የሞራና የአፈር ሽታ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት የምሄድበት የአያቴ ቤት ሽታ ነው። ባለቤቴ ከወጥ ቤት መጥታ «ምንድን ነው እሱ?» ብላ ቆማ ቀረች።

ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ብረቱ ላይ በፈረንሳይኛ ቅጥልጥል ጽሕፈት የሳንቴትየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ሞዴል 1874 ይላል። አፈሙዙ ላይ 1878 ተመቷል። መቀርቀሪያው ተጣብቋል፣ አይንቀሳቀስም። ከላይ እስከ ታች ቀይ ዝገት ለብሷል። የሰደፉ አንገት አንድ ጊዜ ለሁለት ተሰብሮ በጠፍር ተጠቅልሎ ተሰፍቷል፤ ጠፍሩ ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ከሰደፉ በስተግራ ደግሞ አንድ ስንጥቅ ላይ፣ ቀለሃ ተቀጥቅጦ የተሠራ የሚመስል የናስ ልባጥ በትናንሽ ምስማሮች ተመትቷል። በስተቀኝ፣ ከእድፉ ሥር፣ የተቀረጸ ነገር ያለ ይመስላል፤ አይነበብም።

ያሰብኩት ጠፍሩን ፈትቼ ስብራቱን በማጣበቂያ ልጠግን፣ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አዲስ ዘይት ላጠጣ፣ ብረቱን ደግሞ እንደገና ላስጠቁር ነው። ምን ትላላችሁ?

እንጨትና ብረት

ወንድሜ፣ እባክህ ምንም አትጀምር። ሙያዬ የቆዩ የእንጨትና የብረት ዕቃዎችን መጠበቅ ነው፤ ጀርመን አገር ሙዚየም ውስጥ ነው የምሠራው።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። መቀርቀሪያው ካልተከፈተ ውስጡን አላየኸውም ማለት ነው። ከአፈሙዙ በኩል ቀጭን የእንጨት ዘንግ ቀስ ብለህ እስኪቆም አስገባና አፉ ጋ ምልክት አድርግበት። ከዚያ አውጥተህ በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጎን አስተኝተህ ለካው። ዘንጉ መቀርቀሪያው ፊት ድረስ ካልደረሰ ውስጥ የቀረ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ እጅህን አንሣና ወደ ባለሙያ ውሰደው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥይት ሞቷል ብለህ አትመን።

ሁለተኛ፣ ጠፍሩን እንዳትፈታ። ጠፍር እርጥብ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይጨብጣል። አንድ ጊዜ ከፈታኸው እንደነበረው አይመለስም። ያንን ስፌት የሰፋው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፣ የእጁ ሥራ ግን ፊትህ አለ። ከ1874 ሞዴል በመቶ ሺዎች ተሠርተዋል፤ የትም አገር ታገኛቸዋለህ። ይኼ ጠፍርና ይኼ የቀለሃ ናስ ያለበት ግን አንድ ብቻ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱን ከቤትህ አውጣው።

የመንዙ

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ዕድሜዬ ሰባ አልፏል፤ ይኼን የምጽፈው የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ነው፣ ስሳሳት ይቅርታ።

አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ምሰሶው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የሚሰቀለው። በወር አንድ ቀን ያወርዱታል። እኔ ጨርቁን እይዛለሁ፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሞራ በእጃቸው መዳፍ እያሞቁ ብረቱን ያሹታል። ናሱን በአመድና በሎሚ ነበር የሚፈትጉት፤ ፊት ያሳይ ነበር። ለጥምቀት ሲነግቱት መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ዝገት ያለበት ጠመንጃ የያዘ ሰው ይታማ ነበር፤ «ሚስቱን አያበላም፣ ጠመንጃውን አይወለውልም» ይባላል።

እህቴ ከጀርመን ያልሽው ገብቶኛል፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እድፉንና ዝገቱን ታሪክ ነው ብሎ መተው በእኛ ዘንድ ንቀት ነው። ባለቤቱ ቢነሣና ቢያየው ያፍራል። መወልወል አለበት።

እንጨትና ብረት

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ይኼን ከሥራ ባልደረቦቼ ማንም አይነግረኝም። ልክ ነዎት፤ መወልወል ራሱ የጠመንጃው ታሪክ ነው። ዝገት ይቆይ አላልኩም። ቀይ ዝገት ብረቱን ስለሚበላ መቆም አለበት። የምቃወመው ብረቱን እስኪነጣ መፋቅን ነው። አያትዎ በመዳፋቸው ነው ያሹት እንጂ በሞረድ አልፋቁትም።

ስለ ሞራው ግን አንድ ነገር ልበል። የእንስሳ ስብ ውስጥ ያለው አሲድ ከናስ ጋር ሲቆይ አረንጓዴ ቅባት ያወጣል። ምስማሮቹ ዙሪያ እንደ ሰም የደረቀ አረንጓዴ ነገር ካለ ከዚያ የመጣ ነው። አያትዎ በየወሩ ስለሚጠርጉት ችግር አልነበረም። መጋዘን ውስጥ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሲቀመጥ ግን ማን ይጠርገዋል?

የቨርጂኒያው

አረንጓዴው አለ! ሻጋታ መስሎኝ ነበር። በዘንግ ለካሁት፣ ባዶ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዲሲ_ሰብሳቢ

እኔ ከራሴ ልንገርህ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ለበን የሚባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ ገዛሁ፤ እሱም ከአገር ቤት የመጣ ነው። ቸኮልኩ። ለአንድ ወርክሾፕ ሰጥቼ «አዲስ አድርጉልኝ» አልኳቸው። ሲመልሱልኝ ጥቁር መስታወት ሆኖ ያበራል። ግን ብረቱን ሲያለሰልሱት የፋብሪካው ጽሕፈት ግማሹ ጠፍቷል፣ የቀረውም ሰም ላይ የተጻፈ ይመስላል። ሰደፉ ላይ አንድ መስቀል ተቀርጾ ነበር፤ እሱም ተፍቋል። «ቆሻሻ ጭረት መስሎን» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልነገርኳቸውም። ገበያ ላይ ከገዛሁበት ዝቅ አለ፤ እሱስ ይሁን። መስቀሉን ፎቶ እንኳን አላነሳሁትም።

ቀለሃ_እና_አሞሌ

ለታሪኩ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ውጅግራ ተራ ጠመንጃ አይደለም።

ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው፤ ግራ የሚባለው መኮንን የቀድሞውን የሻስፖ ጠመንጃ የብረት ቀለሃ ያለው ጥይት እንዲጎርስ አድርጎ ነው የለወጠው። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ መጠኑ 11 ሚሊሜትር ነው፣ ባሩዱ ጥቁርና ጭሳም። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበንን ስታወጣ ውጅግራው ከሠራዊቱ እየወጣ ለነጋዴ ተሸጠ። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደኛ የጎረፈው ያኔ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳን በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ እንጦጦ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ መጥቶ ነበር፤ ያተረፈው ግን ካሰበው በጣም ያነሰ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ በሰሜኑ በኩል ሬሚንግተን የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ነበር። በጉንደትና በጉራዕ ዐፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ተማረከ። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት በጦርና በጋሻ ብቻ የወጣ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ሰናድር፣ ቬተርሊ በየትከሻው ነበር። ከተማረከው ሌላ ብዙው በዝሆን ጥርስ፣ በቡናና በግብር የተገዛ ነው።

እና አንድ የምወደው ነገር፦ የውጅግራ ጥይት ገንዘብ ነበር። ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው በጥይት ዕቃ ይገዛ ነበር። ባዶው ቀለሃም ቢሆን አይጣልም፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ይመለሳል። አንተ ሰደፍ ላይ ቀለሃ ቀጥቅጦ ልባጥ ያደረገው ሰው ገንዘቡን ነው ምስማር የመታበት።

የቨርጂኒያው

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብርጭቆ ወረቀቱን ጋራዥ ወስጄዋለሁ። አሁን መቀርቀሪያውን ንገሩኝ።

እንጨትና ብረት

ነጭ ጋዝና ቀጭን የማሽን ዘይት እኩል ቀላቅለህ መገጣጠሚያዎቹ ላይ አንጠባጥብ። እንጨቱን እንዳይነካ ዙሪያውን በጨርቅ ያዝ። በየቀኑ ጥቂት ጠብታ፣ ለአንድ ሳምንት። መዶሻ አታንሣ። በጎን በኩል መቀርቀሪያውን የምታግደው ብሎን አለች፤ ከመፍታትህ በፊት ጥርሷን በደንብ የሚሞላ ካቻቪቴ ሞርደህ አዘጋጅ። የብሎን ጥርስ ከተበላ አይመለስም። ብሎኗ ስትላላ ምላጩን ይዘህ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ትስባለህ።

ለቀዩ ዝገት፦ ከእንጨቱ በቀላሉ የሚለዩትን ትናንሽ ክፍሎች በተጣራ ውሃ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ቀቅላቸው። የቧንቧ ውሃ አይሁን፣ ጨውና ኖራ ይተውበታል። ሲፈላ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ ይረጋጋል። አውጥተህ ለስላሳ ብሩሽ ስጠው፣ ወዲያው ዘይት ቀባው። አንተ ጋ ግን አንገቱ በጠፍር ስለተያዘ ትልቁን ብረት ከእንጨቱ አትለየው። እሱን በዘይትና እንደ ጥጥ በለሰለሰው የብረት ሽቦ፣ በአራት ዜሮ ቁጥር፣ ሳትጫን እሽው። ሽቦው ቀይ ሲሆን ቀይር። ቡናማው ይቆይ።

ላምበረት

ጥያቄ አለኝ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል። ጎጃም አባቴ ቤት ምንሽር ጠመንጃ አለ፣ የአያቴ ነው። አዲስ አበባ አምጥቼ እንደዚህ ላሠራው ብዬ ነበር።

ዲሲ_ሰብሳቢ

እንዳታደርገው። አገር ቤት ያለው ሕግ ከዚህ ይለያል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል፤ አሮጌ ነው፣ የአያቴ ነው ማለት አያድንም። አባትህ ፈቃድ ካላቸው ማጓጓዙን በየወረዳው ጠይቁ። ከአገር ማውጣት ደግሞ የቅርስ አዋጁም ይመለከተዋል። ቴሌግራም ላይ «እገዛለሁ» የሚሉህን አትመልስላቸው።

የመንዙ

ልጄ ላምበረት፣ እዚያው ይቆይ። አባትህን ጠይቃቸው፣ የማን እንደነበረና የት እንደዋለ ጻፈው። ብረቱ ይቆያል፣ ነገሩን የሚያውቀው ሰው ነው የሚያልፈው።

አስመራ_መንገድ

ማንም የጣልያኑን ቬተርሊ ጠመንጃ የያዘ ካለ ይኼን ያንብብ። እኔም ከዚያው ጭነት አንድ አለኝ። በ10.4 ሚሊሜትር የተሠራ ሆኖ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣልያኖች አፈሙዙ ውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብተው ወደ 6.5 ለውጠውታል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አካል ላይ የካርካኖ ጥይት ማለት ነው። ለመተኮስ አትሞክሩት። የእኔ ግድግዳ ላይ ነው፣ በዚያው ይኖራል። ውጅግራውንም ቢሆን አንገቱ ተሰብሮ በጠፍር የቆመ ጠመንጃ ማን ይተኩሳል?

የቨርጂኒያው

አልተኩሰውም፣ አላሰብኩትምም።

አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ዘጠነኛው ቀን ላይ መቀርቀሪያው ጠቅ አለ! ሌሊት ነበር፣ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ሲወጣ ውስጡ ብርማ ነው፣ ትናንት የተሠራ ይመስላል። የፋብሪካው ትንንሽ ማኅተሞች ሁሉ አሉ፤ ግን መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥርና አካሉ ላይ ያለው አይገጥምም። መጀመሪያ ቅር አለኝ።

ቀለሃ_እና_አሞሌ

ቅር አይበልህ። ፈረንሳይ አገር ሰብሳቢዎች ቁጥሩ ካልገጠመ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ አውቃለሁ። የእኛ ጠመንጃ ግን ሲሰበር ከወደቀው ጓደኛ ጠመንጃ ላይ ተወስዶ ነው የሚጠገነው። ሁለት ጠመንጃ አንድ ሆኖ ነው የመጣልህ።

የቨርጂኒያው

እሺ፣ አሁን ወደ ሰደፉ። በስተቀኝ ያለውን እድፍ በምን ላንሣው?

እንጨትና ብረት

ልትስቅ ትችላለህ፣ ግን እውነቴን ነው፤ በምራቅ። እኛ ሙዚየም ውስጥ የምንሠራበት መንገድ ነው። ጥጥ ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልል፣ በምራቅ አርጥብ፣ አንድ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ቀስ አድርገህ አሽከርክር፣ ጥጡ ሲጠቁር ጣለው። በሌላ ጥጥ በትንሽ የተጣራ ውሃ አብስ፣ አድርቅ። ቅርጹ ውስጥ ያለውን እድፍ አታውጣው፤ ፊደሉን የሚያሳየው እሱ ነው። ከዚያ ክፍሉን አጨልምና የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር ደረቱን አስተኝተህ አብራ። ከፊት ለፊት ፎቶ ካነሳህ ምንም አይታይም፤ ከጎን ሲበራ ግን ጭረቱ ሁሉ ጥላ ይጥላል።

ሲያልቅ በጣም ስስ የተልባ ዘይት ለእንጨቱ፣ ደረቅ የሆነበት ቦታ ላይ ብቻ። ጠፍሩን ዘይት አታስነካው፣ ይለሰልስና ስፌቱ ይላላል። እና ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥል! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ራሱን አቃጥሎ ቤት ያቃጥላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

የመንዙ

የተልባ ዘይት ከአገራችን ተልባ ቢሆን ደግሞ እንዴት ያምር ነበር።

የቨርጂኒያው

ለአራት ምሽት ሠራሁ፣ መቶ የሚያህል ጥጥ ጨረስኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ፊደል ነው። በወስፌ ጫፍ በነጥብ በነጥብ ተወግቶ፣ ኋላ ነጥቦቹ በቢላ ተያይዘዋል። ከሰደፉ ጫፍ ይጀምርና ወደ አንገቱ ይሄዳል። «የአባ» ይላል። ሦስት ፊደል። ከዚያ በኋላ ጠፍሩ ሥር ይገባል።

ከፊደሎቹ በታች ቁጥር አለ። ፲፱፻፳ ግልጽ ነው፤ የመጨረሻው ፯ ይሁን ፰ እንጨቱ ስለተቦረቦረ አልለይ አለኝ።

ቀለሃ_እና_አሞሌ

፯ ከሆነ ከጣልያን ጋር የወልወል ግጭት የሆነበት ዓመት ነው፣ ኅዳር 1927። ፰ ከሆነ ጣልያን መስከረም ላይ መረብን የተሻገረበት፣ መጋቢት ላይ ማይጨው የሆነበት ነው። በየትኛውም ብትወስደው ይኼ ጠመንጃ ሲቀረጽበት ሃምሳ ሰባት ዓመት ያህል ሆኖታል። ፋሽስቱ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ሲመጣ ሰውዬው በአንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው የወጣው።

ዲሲ_ሰብሳቢ

«የአባቴ» ነው የሚሆነው። አባቱ ዓድዋ የዋለበት ጠመንጃ ይሆናል!

የመንዙ

ይሆናል። ግን አትቸኩሉ። የፈረስ ስምም ሊሆን ይችላል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደሚባሉት ሁሉ፣ በየመንደሩም ስመ ጥር የሆነ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። «የአባ እከሌ» ብሎ ጽፎበት ይሆናል። በቄስ ስምም ሊሆን ይችላል፣ ቄሱን አባ ስለምንል።

ዲሲ_ሰብሳቢ

እንግዲህ አንድ ፊደል ነው የሚያስፈልገን። እህቴ፣ ጠፍሩን በጥንቃቄ ከጫፉ ትንሽ ማንሣት አይቻልም? አንድ ሴንቲሜትር ብቻ።

እንጨትና ብረት

በእርጥበት አለስልሶ ማንሣት ይቻላል። እኔም ብሆን ዛሬ ሌሊት ስለ እሱ ሳስብ አድሬያለሁ። ግን አስቡት፦ ጽሕፈቱ ጠፍሩ ሥር ከገባ፣ መጀመሪያ ተጻፈ፣ በኋላ ተሰበረ፣ ከዚያ ተሰፋ ማለት ነው። ስለዚህ ከ1927 ወይም ከ28 በኋላ ነው አንገቱ የተሰበረው። ያ ሁሉ ቅደም ተከተል የሚታወቀው ጠፍሩ ቦታው ላይ ስላለ ነው። ሲነሣ ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል፤ የደረቀ ጠፍር ሲረጥብ ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት የሚነግርህ የለም። ውሳኔው የባለቤቱ ነው።

የቨርጂኒያው

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ባለቤቴንም ጠየቅኋት። «የሰፋው ሰው ስሙን እያየ ነው የሸፈነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጠፍሩ አንድ ጣት ያህል እንኳን ወደ ኋላ ቢጨምር ኖሮ «የአባ» የሚለውም አይቀርም ነበር። ስፌቱን አየሁት፤ የመጀመሪያው ዙር ልክ «ባ» ጋ ሲደርስ ትንሽ ጎበጥ ብሎ አልፎታል። ፊደሉን ላለመሸፈን ይመስለኛል።

አልፈታውም። ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሥቼዋለሁ፣ ልኬቱን ጽፌያለሁ። አሁን ሳሎን ውስጥ፣ ከማሞቂያው ርቆ፣ ሁለት ጨርቅ የለበሱ እንጨቶች ላይ ተጋድሟል፤ ክረምት ቤቱ ስለሚደርቅ የእርጥበት መለኪያ አጠገቡ አድርጌያለሁ። ብረቱ ላይ ስስ ሰም ብቻ አለ።

ሽታው ቀንሷል፣ ጠፍሩን ጠጋ ብዬ ሳሸተው ግን አሁንም አለ።

የመንዙ

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሃል። የልጅ ልጄ ፎቶውን አሳየኝ። ስፌቱ የእኛው አገር ስፌት ነው፤ አልጋ እንደዚያ ነው የሚጠፈረው። በወር አንድ ቀን አውርደህ በጨርቅ ጥረገው፣ ልጆችህም ይዩህ። ጨርቁን ትንሹ ይያዝልህ።